ፅንስ ስለሚጠበቅበት ጊዜ

በአገራችን ሙሽሮች የሚመረቁት «ውለዱ፤ ክበዱ» በሚል ቃል ነው። ምርቃቱ መልካም ነው፤ የቀን ቀጠሮ ግን የለበትም። ቀጠሮውን የሚቈርጠው በኋላ የሚመጣው የዘመድና የጎረቤት ጥያቄ ነው። በጥር ወር የተጋቡ እንደ ሆነ ሰኔ ሳይደርስ የሙሽራዪቱን ወገብ መመልከት ይጀመራል፤ መስከረም ሲጠባ «እስካሁን ምነው?» ይባላል፤ ሁለተኛው ጥር ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ወደ ፍርድ ይለወጥና «መካን» የሚለው ከባድ ቃል፥ ምርመራም ምስክርም ሳይቀርብበት፥ በሚስቲቱ ላይ ይወድቃል። በዚህ ዓይነት ፍርድ የፈረሰው ትዳር ጥቂት አይደለም።

አዲስ አበባን ከብበው ባሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ብዙ ወጣት ባልና ሚስት ከትውልድ ቀያቸው ርቀው አዲስ ኑሮ የመሠረቱ ናቸው። የሚመክራቸው የቅርብ ዘመድ በአጠገባቸው ባይኖርም የዘመዱ ጥያቄ ግን በስልክ ይደርሳቸዋል። ስለ ሆነም በዚህ ወር ሦስት ነገሮችን ለአንባብያን ልናስረዳ አስበናል። እነርሱም፦ ጤነኞች ባልና ሚስት ለመፀነስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባቸው፤ ጊዜው ከየትኛው ቀን አንሥቶ እንደሚቈጠር፤ ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼና ማን እንደ ሆነ ናቸው።

የእንቁላሉ ቀን

የሴት እንቁላል ማኅደር ዘወትር በየወሩ አንድ የበሰለ እንቁላል ይለቃል። እንቁላሉ ወደ ማኅፀን በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሳለ የወንድ ዘር ካገኘው ፅንስ ይጀመራል። ካላገኘው ግን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ቆይቶ ይጠፋል፤ ከ14 ቀን ገደማ በኋላም የወር አበባ ይመጣል። የወንድ ዘር በአንጻሩ በሴቲቱ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ድረስ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ፅንስ ሊገኝባቸው የሚችሉት ቀኖች እንቁላሉ የሚለቀቅበት ቀንና ከእርሱ በፊት ያሉት 5 ቀኖች፥ በጠቅላላው በወር 6 ቀኖች ብቻ ናቸው።

ይህን ዕውቀት የሰው ልጅ ያገኘው በቅርብ ዘመን ነው። የአጥቢ እንስሳት እንቁላል ምን እንደሚመስል ካርል ኤርንስት ፎን ቤየር የተባለው ሊቅ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1827 ሲሆን፥ እንቁላሉ በወሩ ውስጥ የሚለቀቅበትን ቀን ለመለየት ግን ወደ 100 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1924 ጃፓናዊው ሐኪም ክዩሳኩ ኦጊኖ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኦስትርያዊው ሄርማን ክናውስ፥ በየበኩላቸው መርምረው እንቁላሉ የሚለቀቀው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ አስቀድሞ መሆኑን አስረዱ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ቀኑ የሚቈጠረው ካለፈው የወር አበባ ወደ ፊት ሳይሆን ከሚመጣው የወር አበባ ወደ ኋላ ነው።

የአገራችን ወራት ከጳጉሜን በቀር እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለ ሆኑ ለዚህ ሒሳብ እጅግ ይመቻሉ። ለምሳሌ ያህል የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ሴት መስከረም 3 ቀን ቢጀምራት፥ የሚቀጥለው ጥቅምት 1 ቀን፥ ከዚያም ጥቅምት 29 ቀን፥ ከዚያም ኅዳር 27 ቀን ይመጣል፤ ይኸውም በየወሩ 2 ቀን ወደ ኋላ እየሳበ ማለት ነው። ከጥቅምት 1 ቀን ወደ ኋላ 14 ቀን ብንቈጥር መስከረም 17 እንደርሳለን። እንግዲህ ለዚህች ሴት ፅንስ የሚጠበቅባቸው ቀኖች ከመስከረም 12 እስከ መስከረም 17 ያሉት ናቸው። የወር አበባዋ በየ32 ቀኑ የሚመጣ ከሆነ ግን የእንቁላሉ ቀን ወደ መስከረም 21 ይሸጋገራል። ሁሉም ሴት በአንድ ቀን እንደማይፀንስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ ሒሳብ ግምት እንጂ የታተመ ትእዛዝ አይደለም። የጤነኛ ሴት የወር አበባም ቢሆን ከወር ወር ጥቂት ቀን ከፍና ዝቅ ይላል። እንቁላሉ ሊለቀቅ ሲቃረብ ከማኅፀን በር የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ጥርት ያለና የሚለጠጥ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ቀን መቁጠር ለሚያስጨንቃቸው ባልና ሚስት ደግሞ ቀላሉ መንገድ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ መገናኘት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ተገቢዎቹ ቀኖች አያመልጧቸውም።

ከ100 ባልና ሚስት ስንቱ?

ቀኑ ቢገኝም ፅንሱ በዚያው ወር ይገኛል ማለት አይደለም። እንቁላሉ ዘሩን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል፤ ቢያገኘውም በማኅፀን ግድግዳ ላይ ሳይተከል ሊወርድ ይችላል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ሴቲቱ መፅነሷን ሳታውቅ የሚያልፍና የወር አበባዋ በጊዜው ወይም ጥቂት ቀን ዘግይቶ የሚመጣበት ነው። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ የባልም የሚስትም ጥፋት አይደለም።

መምህራን በሰሌዳ ላይ ሊሠሩት የሚችሉት አንድ ሒሳብ እነሆ። 100 ጤነኞች ወጣት ባልና ሚስት በአንድ ቀን ልጅ መሻት ጀመሩ እንበል፤ በየወሩም ከ5ቱ አንዱ ይፀንሳል እንበል። በመጀመሪያው ወር 20ዎቹ ይፀንሳሉ፤ 80 ይቀራሉ። በሁለተኛው ወር ከ80ዎቹ 16ቱ ይፀንሳሉ፤ 64 ይቀራሉ። በሦስተኛው ወር 13 ያህሉ ይፀንሳሉ፤ 51 ይቀራሉ። እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ ካለፈ በኋላ፥ አንዳችም ሕመም የሌለባቸው ሁሉ ሆነው ሳለ፥ ከግማሽ የማያንሱት ገና እየጠበቁ ናቸው ማለት ነው።

በእውነተኛው ኑሮ የሁሉም ዕድል እኩል ስላልሆነ ውጤቱ ከሰሌዳው ሒሳብ ጥቂት ይዘገያል። በሕክምና የታወቀው ነገር ይህ ነው፦ ሚስቲቱ ከ40 ዓመት በታች ከሆነችና ያለ መከላከያ ዘወትር የሚገናኙ ከሆነ፥ ከ100 ባልና ሚስት ከ80 የሚበልጡት በአንድ ዓመት ውስጥ ይፀንሳሉ፤ ከቀሩትም ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት ይፀንሳሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ተረት ለሌላ ነገር የተነገረ ቢሆንም ለዚህም የሚስማማ ነው።

ዕድሜ ግን ይህን ቍጥር ይለውጠዋል። ሴት ልጅ ስትወለድ ዕድሜዋን ሙሉ የሚያገለግሏትን እንቁላሎች ይዛ ትወለዳለች፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም ቍጥራቸውና ጥራታቸው ይቀንሳል። ቅነሳው ከ35 ዓመት በኋላ ጎልቶ ይታያል፤ ወደ 40 ሲቃረብ ይፈጥናል። የወንድ ዘርም ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ ድካሙ ግን ቀስ ያለ ነው። ይህ ማለት ልጃገረዶችን በለጋነታቸው መዳር ይገባል ማለት አይደለም። በሕግ ከተወሰነው ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ብትፀንስ በወሊድ የምታገኘው አደጋ ከባድ ነውና።

ጊዜው ከየት ይቈጠራል?

ብዙዎች ዓመቱን የሚቈጥሩት ከሠርጉ ቀን አንሥቶ ነው። ይህ ስሕተት ነው። መቈጠር ያለበት ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አብረው መኖር ከጀመሩበት ቀን ነው፤ የመከላከያውም ዓይነት መታወቅ ይገባዋል።

በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የሚወሰደው መከላከያ በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ100 ያገቡ ሴቶች 23ቱ ይህን መርፌ ይወስዱ እንደ ነበር ታውቋል። መርፌው መካን አያደርግም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ከአካል የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለ ሆነ ፅንስ እስኪገኝ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ያህል ይወስዳል፤ ከዚያም የሚዘገይ አለ። ስለዚህ መርፌውን ካቆመች 6 ወር የሆናት ሴት ብትጨነቅ ጭንቀቷ ያለ ጊዜው ነው። በክንድ ሥር የሚቀበረው መከላከያና ሉፕ ግን እንደ ወጡ፥ ኪኒንም እንደ ቆመ፥ የመፅነስ ኃይል ወዲያው ይመለሳል። እንዲሁም ሕፃን ጡት ብቻ የምታጠባ እናት የወር አበባዋ እስኪመለስ ድረስ ፅንስ ሊዘገይባት ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የሥራ ጠባይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሦስቱ ከተሞቻችን በትልልቅ መንገዶች ላይ ያሉ ናቸው፤ ሰበታ በጅማ፥ ቡራዩ በአምቦ፥ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከነዋሪዎቻቸው መካከል የጭነት መኪና ነጂዎች፥ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የሚዘዋወሩ ነጋዴዎች፥ በፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩ ባሎችና ሚስቶች አሉ። አንድ ነጂ በየወሩ 5 ቀን ብቻ በቤቱ ያድራል እንበል። በወሩ ያሉት ተገቢ ቀኖች 6 ብቻ ስለ ሆኑ፥ የእርሱ 5 ቀኖች ከእነዚህ ጋር የሚገጥሙት በግምት ከ3 ወር በአንዱ ነው። በጎረቤት ዓይን ዓመት የሞላው ይህ ትዳር፥ በተፈጥሮ ሒሳብ ግን ገና 4 ወር ያህል ቢሆነው ነው። ሚስት የሌሊት ፈረቃ፥ ባል የቀን ፈረቃ የሚሠሩበት ቤትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ከግንኙነት የሚታቀቡ ባልና ሚስት 55 ቀን፥ ማለት ሁለት የወር አበባ ዙር ያህል፥ ያልፋቸዋል፤ በፍልሰታም የሚታቀቡ ከሆነ ሌላ ዙር ሊያልፋቸው ይችላል። ይህን የምንጠቅሰው ጾሙን እንዲተዉ ለመምከር ሳይሆን፥ ወራቱን ሲቈጥሩ እነዚህን ወራት እንዲቀንሱ ለማስረዳት ነው። ረቡዕና ዓርብ መታቀብ ግን ፅንስን አያግድም፤ የወንድ ዘር ብዙ ቀን ስለሚቆይ የማክሰኞው ለረቡዕ፥ የሐሙሱም ለዓርብ ይደርሳልና።

ወደ ሐኪም የሚኬደው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው መለኪያ 12 ወር ነው። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ ዘወትር እየተገናኙ 12 ወር ሙሉ ፅንስ ካልተገኘ ሁለቱም መመርመር ይገባቸዋል። ሚስቲቱ 35 ዓመት የሞላት ከሆነች ግን ከ6 ወር በኋላ፥ 40 ዓመት ከሞላት ደግሞ ሳይዘገዩ መሄድ ይሻላል። የወር አበባዋ የሚቀርባት ወይም እጅግ የሚዛባባት፥ ቀደም ሲል የማኅፀን ወይም የቱቦ ቍስለት የነበረባት ሴት፥ እንዲሁም ከጉርምስና በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት የዘር ፍሬው አብጦ የነበረ ወይም የዘር ፍሬው ያልወረደለት ወንድ ዓመቱን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።

በዚህ ችግር ውስጥ ያሉ ሰዎች ብቻቸውን እንዳይመስላቸው ይህን እንንገራቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ፥ በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች ከ6ቱ አንዱ በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር እንደሚደርስበት አመልክቷል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እንመጣለን። ፅንስ ከዘገየባቸው ባልና ሚስት መካከል በግማሽ ያህሉ ምክንያቱ በወንዱ ብቻ ወይም ከሴቲቱ ጋር በወንዱም በኩል ያለ ነው። ባል በመኝታው ጠንካራ መሆኑ በዘሩ ውስጥ በቂ ሕዋስ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ይህ በአጉሊ መነጽር እንጂ በሌላ መንገድ አይታይም። ቀድሞ ከሌላ ሴት ልጅ መውለዱም ለዛሬው ማስረጃ አይሆንም። የወንድ ምርመራ ሕመም የሌለበት፥ ከሴቲቱም ምርመራ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ዘሩን በንጹሕ ዕቃ መስጠት ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም በላቦራቶሪ መታየት አለበት። ሚስት ግን ቱቦዋ ክፍት መሆኑን ለማወቅ መድኃኒት በማኅፀኗ ተጨምሮ በራጅ ልትታይ ትችላለች። እንግዲያስ ቀላሉን ትቶ በከባዱ መጀመር፥ ባል በቤት ተቀምጦ ሚስትን ብቻ ከሐኪም ወደ ሐኪም ማመላለስ፥ ከፍርድም ከጥበብም የራቀ ነው። በምርመራው ጉድለት ቢታይም ተስፋ አይቈረጥ። አዲስ ዘር ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፥ ትኩሳት ታሞ የተነሣ ሰው ዘሩ ለጊዜው ሊደክም ይችላል፤ ከ3 ወር በኋላ ምርመራው ይደገማል።

የሚጀመረው በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ካስፈለገም ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላካል። በአዲስ አበባ በጉለሌ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማእከል ከፍቷል። ይህም እንቁላልንና ዘርን ከአካል ውጭ አገናኝቶ ፅንሱን ወደ ማኅፀን የመመለሱ ሕክምና በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል መጀመሪያ የተሰጠበት ነው። በዚህ ዘዴ የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን በእንግሊዝ አገር የተወለደችው ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. ነበር። ይሁን እንጂ ወደዚህ ደረጃ ሳይደርሱ በመድኃኒት ወይም በምክር ብቻ የሚረዱ ብዙዎች ናቸው።

ሊደረግ የሚገባውና የማይገባው

1ኛ/ ጨብጥና ክላሚዲያ የተባሉት የአባላዘር በሽታዎች የሴቲቱን ቱቦ አቍስለው ይዘጋሉ። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይኖራል። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ቢገኝ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መታከም አለባቸው። ንጽሕና በጎደለው ቦታ የተደረገ ወሊድ ወይም ፅንስ ማስወረድም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

2ኛ/ ልጅ የምትሻ ሴት ሳትፀንስ አስቀድማ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ኪኒን በቀን 400 ማይክሮ ግራም ብትወስድ ሕፃኑን ከአከርካሪና ከአንጎል ጉድለት ይጠብቀዋል። ለዚህም ሐኪሟን ወይም አዋላጅ ነርሷን ትጠይቅ።

3ኛ/ ትምባሆ ማጨስና መጠጥ ማብዛት ሁለቱንም ይጎዳል። ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወሰዱ የወንድ ሆርሞን መርፌዎችና ኪኒኖች የዘርን ሥራ እስከ ማቆም ይደርሳሉ። የዘር ፍሬ ሙቀት ስለሚጎዳው ከሞቃት ሞተር አጠገብ ረጅም ሰዓት የሚቀመጡ ሰዎች መካከል ላይ ወርደው መናፈስ ይገባቸዋል።

4ኛ/ ቅጠልም ሆነ ዱቄት ወደ ማኅፀን ማስገባት፥ ሆድንም በኃይል ማሸት አደገኛ ነው፤ ጤነኛውን ያቈስላል። በጸበልና በጸሎት የሚታመን ሰው ሃይማኖቱን ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊይዝ ይችላል፤ ነገር ግን ሐኪም የሰጠውን መድኃኒትና ቀጠሮ አያቋርጥ። ጊዜው፥ በተለይም 35 ዓመት ላለፋት ሴት፥ ውድ ነውና።

የተከበራችሁ መምህራንና የከተማችን ነዋሪዎች ሆይ! ከላይ የተጻፈው ሁሉ በአጭሩ ሲጠቃለል፥ ፅንስ ለጥቂት ወራት መዘግየቱ በሽታ አይደለም፤ ዓመት ካለፈ ግን የሁለቱም ጉዳይ እንጂ የአንዲቱ ነውር አይደለም ማለት ነው። እናንተ በዕድርም፥ በማኅበርም፥ በትምህርት ቤትም ቃላችሁ የሚሰማ ስለ ሆነ፥ «ለምን አልወለደችም?» የሚለው ጥያቄ በፊታችሁ ሲነሣ «ስንት ወር አብረው ኖሩ? ሁለቱስ ተመርምረዋልን?» ብላችሁ መልሱ።

ምናልባት ከሕክምናም በኋላ ልጅ ሳይገኝ ቢቀር፥ የሰው ክብር በመውለድ ብቻ የሚመዘን አይደለም። ሱሉልታን ከአዲስ አበባ በሚለየው በእንጦጦ ተራራ ላይ የነገሡት፥ ለአዲስ አበባ ስሟን ያወጡት፥ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ልጅ ሳይወልዱ አልፈዋል፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ ይጠራል።